አባቴ የላጋት ቀጭን ዘንግ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ስትሠራ እርሳሷን ቀረጸች። ፍርፋሪው ጭኔ ላይ ወደቀ። ላራግፈው ብዬ ዝቅ ስል ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ጽድ ነው። አዲስ የተላገ ጽድ። ልጅቷ ምነው አያቴ እርሳስ ማሽተት ጀመርሽ ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። እኔ እዚያች ወንበር ላይ አልነበርኩም፤ ሶዶ ነበርኩ፣ አባቴ ሥራ ቤት፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ ተቀብሮ።

አባቴ አናጢ ነበር። አናጢው ዳና ሲባል ከገበያው እስከ ዳሞታ ተራራ ግርጌ የማያውቀው የለም። በመንገድ ዳር፣ ከጀርባዋ የእንሰት ጓሮ ያለባት አንዲት ክፍል ነበረችው፤ በርና መስኮት፣ አልጋና ሳጥን ይሠራባታል። ጆሮው አይሰማም። ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። እኔ በእናቴ ሆድ ውስጥ ሳለሁ ክፉ ትኩሳት ይዞት ተኛ፤ ድኖ ሲነሳ መስማት ቀርቶበት ነበር። ስለዚህ የእናቴን ድምፅ ያውቀዋል፣ የታላቅ ወንድሜን ልቅሶ ያውቀዋል፣ የኔን ግን አንድ ቀን እንኳን አልሰማም። መናገር ይችል ነበር፤ ነገር ግን የገዛ ድምፁን መለካት ስለማይችል ሰው ሲደነግጥ አይቶ ተወው። እኔ ደግሞ አባት ማለት እንዲህ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። የጓደኛዬ የአስካለ አባት ከጓሮ ሆኖ በስሟ ሲጠራት የሰማሁ ቀን በጣም ነው የገረመኝ።

ቤታችን ውስጥ በእጅ ነበር የምናወራው። ማንም አላስተማረንም፣ እየኖርን አወጣነው። አውራ ጣት አገጭ ላይ ካረፈ እናቴ ናት፣ አገጯ ላይ ጠባሳ አላትና። ሁለት ጣት ክንድ ላይ ከተራመደ ገበያ ነው። መዳፍ ወደ ታች ሆኖ ጣቶቹ ሲወዛወዙ «ነይ» ነው፤ ይሄማ የኛ ቤት ብቻ አይደለም፣ ሶዶ ውስጥ ማንም ሰው ልጁን «ሃ ያ» እያለ ወደ ራሱ ሲጠራ እጁ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መዳፍ ወደ ላይ ከፍ ሲል «ተነሺ» ነው። ጡጫ ሲጨበጥ ደግሞ «አጥብቀሽ ያዢ፣ እንዳትለቂ» ነው። ሳንቃ ሲቆርጥ ጫፉን የምይዝለት እኔ ስለሆንኩ ይህቺን ከሁሉም አብልጬ አውቃታለሁ። ደንበኛ ሲመጣም መሐል ቆሜ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ደንበኛው በወላይትኛም ይሁን በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ በእጄ ለአባቴ እነግረዋለሁ፣ አባቴም በእጁ ይመልሳል። ሰውየው መነዝነዝ ሲያበዛ አባቴ ቀስ ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን ጨፈነ ማለት ጆሮውን ዘጋ ማለት ነው፤ በቃ፣ ወሬው አለቀ። እናቴ ስትቆጣውም ይህንኑ ያደርጋል፣ የሷም ንዴት ይብሳል።

እንግዲህ ለኔ እጅ ከተንቀሳቀሰ አንድ ቃል ተናግሯል ማለት ነበር። ይህንን ያዙልኝ፣ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

መምህር ግርማ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው በአንዱ ዓመት፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ፣ ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ከጭነት መኪና ላይ አቧራውን እያራገፈ ወረደ። አዲስ አበባ ኦርኬስትራ በሚባል ትልቅ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ቫዮሊን ይጫወት ነበር ተባለ። የኛ አማርኛ ያስቀው ነበር። እኛ ሶዶ ውስጥ ለወንድና ለሴት ብዙም አንጨነቅም፤ አስካለ ሮጣ መጥታ መምህር፣ ዳይሬክተሩ መጣች ስትለው ዞር ብሎ ሴት ይፈልጋል። ሲውል ሲያድር ግን እሱም ራሱ አንድ ቀን ደወሉ ተደወለች ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

መጥቶ ብዙም ሳይቆይ እኛም ኦርኬስትራ ይኖረናል አለ። ያለን አንድ ነፋስ የሚያፈስ አኮርዲዮን፣ ሁለት ዋሽንትና አንድ ከበሮ ነው። የቀረነው ልጆች ዘማሪ ሆንን። እሱ ግን ይህንን ሁሉ ኦርኬስትራ ብሎ ሲጠራ ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ፊታችን ቆሞ እኔ መሪያችሁ ነኝ አለን። እኔ መሪ ሲባል የማውቀው የጭነት መኪናውን ነው፣ ሾፌሩ ጨብጦ የሚያዞረውን። መምህር ሁለት እጁን ወደ ፊት ሲዘረጋ ሊነዳን ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም መሰለኝ፣ ከኋላ አንዱ ልጅ በአፉ ሞተር አስነሳ።

መጀመሪያ በእርሳስ ነበር የሚመራን፤ ኋለኞቹ እርሳሱ አይታየንም አሉ። በማስመሪያ ሞከረ፣ ጠረጴዛ መትቶ ሰበራት። ከዚያ እኔን ጠርቶ የአናጢው ልጅ መሆኔን አረጋገጠና ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ ሙዚቃ የምመራበት አንድ ዘንግ ይሥራልኝ አለኝ። እሺ ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። ሙዚቃ የሚባል ነገር በእጃችን የለም። መዝሙር የለም። ዘፈን የለም። እሱ መስማት ካቆመ ወዲህ ያወጣነው ቋንቋ ነውና ማንም አስፈልጎት አያውቅም።

እንግዲህ ያለኝን ተጠቀምኩ። መምህር አልኩት። ዱላ ይፈልጋል አልኩት። ለኛ ለልጆቹ አልኩት። የአባቴ ፊት ወዲያው ተለወጠ። አይደለም፣ አይደለም ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ዱላው ወደ ላይ ሲነሳ፣ ወደ ታች ሲወርድ፣ እኛ ልጆች ሁላችን አፋችንን በሰፊው ስንከፍት አሳየሁት። ልብ በሉ እንግዲህ፣ ዱላ ሲወርድ ልጅ አፉን ሲከፍት ምን ይመስላል? ባሳየሁት ቁጥር ነገሩን አባስኩት። አባቴ ሁለት እጄን ያዘና መዳፌን ገልብጦ ሰንበር ፈለገ።

ያን ቀን አልሠራም። በማግስቱም አልሠራም። መምህር ዘንጌስ እያለ ይጠይቀኛል፣ እኔ ጽድ አልተገኘም እላለሁ። በኋላ አባቴ ብዙ አስቦ ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ከበር ሥራ የተረፈች የጽድ ቁራጭ አነሳና መላግ ጀመረ። ጥቂት ይልግና ጭኑን በሷ ይመታል። ፊቱን ያጨማድዳል። ደግሞ ይልጋል፣ ደግሞ ጭኑን ይመታል። እንዲህ እያለ አሳንሶ አሳንሶ፣ ከስንደዶ ትንሽ የምትወፍር አደረጋት። በመጨረሻ ጭኑን መታ፣ ጠበቀ፣ ምንም አልተሰማውም፤ ያኔ ፈገግ አለ። የማታሳምም ዱላ ሠርቶ ነበር። መያዣዋን ብቻ ለጠላቱ እንኳን እንዳትሻክር አድርጎ አለስልሶ ሰጠኝ። የጽዱ ሽታ መንገዱን ሙሉ እጄ ላይ ነበር።

መምህር ግርማ ዘንጓን ተቀበለ። ጣቱ ላይ አስተኛት፣ አልወደቀችም። አየር ላይ ወዝወዝ አደረጋት፣ ፊሽ አለች። ከዚያ አባትሽ ኦርኬስትራ አይቶ ያውቃል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አያውቅም አልኩ። አዲስ አበባ ከያዝኩት ይህች ትበልጣለች በይልኝ አለኝ። ለአባቴ መምህሩ ደስ ብሎታል ብዬ ተረጎምኩለት፤ አባቴ ግን በዚህች ዱላ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ገራፊ ነው ብሎ መሰለኝ፣ አላመነኝም። ያን በልግ ሁሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ መዳፌን ሳያይ አላሳለፈኝም።

እውነቱን ለመናገር እኛ ልጆቹም ከሱ አልተሻልንም። ዱላ ያነሳ መምህር የሚያደርገውን እናውቃለንና። መጀመሪያ ቀን ዘንጓ ከፍ ስትል ሁላችንም እጃችንን ብብታችን ውስጥ ደበቅን። ዝቅ ስትል ዓይናችንን ጨፈንን። መዝሙሩ ከአፋችን የወጣው እንደ ኡኡታ ነው። መምህር ግራ ገባው፣ ኋላ ሲገባው የገዛ መዳፉን በዘንጓ መትቶ አሳየን፤ ድምፅ እንኳን አልነበራትም። የዳኑት ልጆች ሁሉ ተነፈሱ።

መዝሙሩን ራሱ ነው የደረሰው፣ ስለ ዳሞታ። ጠዋት ጉም ተራራውን ሲሸፍን ይጀምራል፣ ስለዚህ መጀመሪያው በሹክሹክታ ነው። ጉሙ ሲገፈፍ ድምፃችን እያደገ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ስንደርስ ጣራ ይነቅላል፣ ከዚያ እንወርድና ማታ ጉሙ ሲመለስ ቀስ ብሎ ያልቃል። መምህር ይህንን ሁሉ በአፉ አልነገረንም፣ በእጁ ነው የሚያሳየን። ቀኙ ዘንጓን ይዞ ስንፈጥንና ስንዘገይ ይነግረናል። ግራው ባዶ ነው፤ እሱ የድምፃችንን ጉልበት ነው የሚያዘው።

ጉዱ በግራው መጣ። መጀመሪያዋን መስመር ጀመርን፣ ጮኽንበት፣ እሱም ቀስ በሉ ሊለን ግራ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ጣቶቹን አወዛወዘ። እኔ አጭር ስለሆንኩ ፊት መስመር መሐል ላይ ነው የምቆመው። ጠራኝ ብዬ እየዘመርኩ ሄድኩ። እኔ ስሄድ አስካለ ተከተለች፣ እሷ ስትሄድ የፊት መስመሩ ሁሉ ተነቃነቀ። መምህር ደነገጠና ይበልጥ አወዛወዘ። ይበልጥ ሄድን። ወደ ኋላ ሸሸ። ተከተልነው፣ እየዘመርን፣ ጀርባው ጥቁር ሰሌዳው ላይ እስኪለጠፍ ድረስ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ፣ ኮቱ በጠመኔ ነጥቶ።

«ኑ አሉን እኮ» አልኩት።

እጁን አየው። ከዚያ ሳቁ መጣበትና ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኛም እሱን አይተን ሳቅን። ያን ቀን ልምምድ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሌሎቹ ልጆች ቶሎ ተማሩት። አንዴ ተነግሯቸው አበቃ። እኔ ግን እጅ ቃል የሆነበት ቤት ልጅ ነኝ፣ እንዴት ልርሳው? መዳፉን ወደ ላይ ሲያደርግ ድምፄን ሳይሆን ተረከዜን አነሳለሁ። ከሁሉ የከፋው መጨረሻው ነበር። መምህር መዝሙሩን ሊቆርጥ ጡጫውን ይጨብጣል፣ ሁሉም ዝም ይላል፣ እኔ አጥብቄ እይዛለሁ። ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ የኔ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ልጆቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁልጊዜ ነው። ማወቁን አውቀዋለሁ፣ ጡጫው ሲጨበጥ ግን የሳንቃው ጫፍ እጄ ላይ ያለ ነው የሚመስለኝ።

አንድ ቀን መምህር ሌሎቹን ሸኝቶ እኔን አስቀረኝ። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የወላጆች ቀን ደርሷል፣ ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ግን መዝሙሩ ሁልጊዜ ባንቺ ጩኸት እያለቀ ነው፤ እስከዚያ ካልተስተካከለ ታዳሚ ሆነሽ ትቀመጫለሽ አለኝ።  ያኔ ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ፣

«እጄን አትተርጉሚው» አለኝ። «ተከተይው።»

መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ሄድኩ። ነገሩ መዝሙሩ ብቻ ቢሆን ምን አለበት። አባቴ በወላጆች ቀን እንደሚመጣ እናቴ ነግራኛለች። በእጄ ልነግረው ያልቻልኩትን በዓይኑ የሚያይበት ሌላ ቀን አልነበረኝም። ያች ዱላ ልጅ እንደማትመታ፣ አፋችንን የምንከፍተው ለልቅሶ እንዳልሆነ፣ ማታ ማታ መዳፌን እያገላበጠ መጨነቁ በከንቱ እንደሆነ። እኔ ታዳሚ ሆኜ አጠገቡ ብቀመጥ ምን ይለኛል? ተመትታ ተባረረች ነው የሚለው።

ደጃፉ ላይ ስደርስ አባቴ ሳንቃ እየላገ ነበር። ፊቴን አይቶ መዳፌን ጠየቀ፣ አሳየሁት፣ ምንም የለም። ውጭ ያካፋል። ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ ብዬ አየው ጀመር። አባቴ ሲሠራ እጁ አያናግረኝም። ያኔ ነው ያስተዋልኩት። መላጊያውን ከመግፋቱ በፊት ትከሻው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይሄዳል። ለስላሳው ላይ ይፈጥናል። ዓይን ያለበት፣ ቅርንጫፍ ወጥቶበት የነበረ ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘገያል፣ እጁን ያቀልለዋል። ሳንቃው ሲያልቅ መላጊያው ከእንጨቱ ይነሳል፣ ፍቅፋቂው ተቆርጦ ይወድቃል። ሳላስበው አብሬው ማንጎራጎር ጀምሬያለሁ። ትከሻው ሲነሳ እተነፍሳለሁ፣ ሲሄድ እሄዳለሁ፣ ሲያቀልል አቀልላለሁ፣ ሲነሳ እቆማለሁ። ያ እጅ አንድም ቃል አላለኝም፣ እኔ ግን መቼ እንደሚፈጥን ከመፍጠኑ በፊት አውቀው ነበር።

አባቴ ቀና ብሎ አፌ ሲንቀሳቀስ አየ። ምን አልሽ አለኝ በእጁ። እጄን አነሳሁ፣ ምንም አልኩት። 

በሚቀጥለው ልምምድ መምህር ዘንጓን ሲያነሳ እኔ እጁን ትቼ ትከሻውን አየሁ። እሱም ከመጀመሩ በፊት ይተነፍሳል። እየላገ ነው አልኩ በልቤ። ግራ መዳፉ ሲወርድ ዓይን ያለበት እንጨት ላይ ደረሰ አልኩ፣ አቀለልኩ። ሲከፍት ከፈትኩ። መጨረሻ ላይ ጡጫው ሲጨበጥ ፍቅፋቂው ተቆረጠ አልኩና ከሁሉም ጋር እኩል ዝም አልኩ። አስካለ ሞትሽ እንዴ በሚል ዓይን ዞራ አየችኝ። መምህር አንድ ዓይኑን ጠቀስ አደረገልኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ ነበር። አዳራሻችን ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የሚባል አያውቅም። ወላጆች ነጠላቸውንና ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ ፊት አግዳሚ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ከበስተኋላ ቦምቤና ተበላ ከሚባሉት ከተሞች የመጣ ዘመድ ሳይቀር ቆሟል። አባቴ ከእናቴና ከወንድሜ ጎን አልተቀመጠም። ለብቻው ሄዶ ጥጉ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆመ፣ መምህሩን ከጎን የሚያይበት ቦታ። ኋላ ለእናቴ እንደነገራት፣ የመጣው መዝሙር ለማየት አልነበረም። ያች ዘንግ አንድ ልጅ ላይ ብታርፍ ተራምዶ ሄዶ ሊቀበላት ነው የመጣው። የገዛ ሥራው ናትና።

መምህር ዘንጓን አነሳ። አባቴ ከግድግዳው ተላቆ ወደ ፊት ሲያዘነብል አየሁት። ዘንጓ ወረደች። አየር ላይ ወረደች። ማንም አላለቀሰም። ጉሙን ጀመርን፣ ቀስ ብለን፣ እንደተባልነው።

ጉሙ ሲገፈፍ መምህር ሁለት መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ከፍ፣ ከፍ አደረገ፣ እኛም ድምፃችንን ለቀቅነው። ይሄኔ ፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። ሚስታቸው ተነሱ። አግዳሚው በሙሉ ተነሳ፣ ቀጥሎ አዳራሹ። ተነሱ ተብለዋላ። መምህር ጀርባውን ስለሰጣቸው አላያቸውም። ከተራራው ስንወርድ መዳፉን ሲያወርድ ሁሉም ተቀመጡ። ሁለተኛው ግጥም ላይም እንደገና ተነሱ፣ እንደገና ተቀመጡ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ መቀመጫውን እያሸ። የአስካለ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። የአኮርዲዮኑ ልጅ ከንፈሩን ነክሷል። እኔ ጭኔን ቆንጥጬ ዓይኔን ዘንጓ ላይ ተከልኩ፤ ያን ቀን ብስቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አልልም ነበር።

ሦስተኛው ግጥም ላይ ዝናቡ መጣ። የሶዶን የሰኔ ዝናብ በቆርቆሮ ሥር ሆኖ ያልሰማ ሰው አይገባውም። ሲያንጠባጥብ አልጀመረም፣ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ከበሮው ጠፋ። ዋሽንቱ ጠፋ። አጠገቤ ያለችው አስካለ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የላትም። የገዛ ድምፄን እንኳን አልሰማውም። ልጆቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፣ አንዳንዱ አፍ ሊዘጋ ደርሷል። ታዳሚው ሁሉ ወደ ጣራው አንጋጦ ፊቱን ያኮማትራል፣ እጁን ጆሮው ላይ ያደርጋል።

መምህር አላቆመም። አንድ እርምጃ ወደኛ ቀረበ። ዘንጓን ከፍ አድርጎ፣ ሰፋ አድርጎ፣ እያንዳንዳችንን በዓይኑ እየያዘ መምራቱን ቀጠለ። ትከሻው ሲነሳ አየሁና ተነፈስኩ። መቼም ድምፄን የማይሰማ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ መናገር ለኔ አዲስ አይደለም። በዚያች ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንደ አባቴ ሆኖ ነበር፤ ያለን እጅ ብቻ ነበር። ያኔ ሰረቅ አድርጌ ጥጉን አየሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ወደ ጣራው ያላንጋጠጠ አባቴ ብቻ ነው። ለሱ ምንም አልተለወጠም። ዓይኑ ከዘንጓ ወደ አፋችን፣ ከአፋችን ወደ ዘንጓ ይመላለሳል። ትከሻው ትንሽ ከፍ አለ። ተነፈሰ። ከመምህር ግርማ ጋር እኩል፣ ከኔ ጋር እኩል። መዝሙሩን አልለቀቅሁም።

ዝናቡ እንደመጣው ሁሉ ድንገት ተቆረጠ። ድምፃችን ከሥሩ ወጣ። ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ ነበርን፣ አንድ ቃል ላይ፣ ማታ ጉሙ ወደ ዳሞታ ሲመለስ። ከታዳሚው አንዲት ሴት ኧረ እነዚህ ልጆች እስካሁን እየዘመሩ ነበር ወይ ስትል ሰማኋት። መምህር ግራ መዳፉን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ ጡጫውን ጨበጠ። ጸጥ አልን። የቀረ ግጥም ያለ የመሰለው ሰው ይጠብቃል። ማለቁን ያወቀው አባቴ ብቻ ነበር፤ ከጥጉ ሆኖ ጭብጨባውን ጀመረ፣ ጉልበቱን መለካት ስለማይችል አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድረስ።

ኋላ መምህር ሄዶ አባቴን ጨበጠው። የሚሉትን ልተረጉም መሐላቸው ገባሁ፣ ግን አላስፈለግኳቸውም። አባቴ ዘንጓን ተቀበለና አገላብጦ አያት፣ አሸተታት፣ በሁለት እጁ መለሰለት።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። እናቴና ወንድሜ ቀድመውናል። አባቴ ከፊቴ ይሄዳል። መዳፌን አላየም። ከዚያ ቆመና ወደኔ ዞረ፤ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አገናኝቶ፣ ቀጭን ነገር እንደያዘ ሰው፣ እጁን ከፍ አደረገ። ይህ በእጃችን የሌለ ቃል ነበር። ለጥቂት ጊዜ ያዘው። ትከሻው ተነሳ። ተነፈስኩ፣ እጁ ሲወርድ ዘመርኩለት።

አባቴ እየመራኝ፣ እኔ ከኋላው እየዘመርኩ በሶዶ መንገድ ሄድን። ቁልቁለቱ ላይ አፈጠነኝ። ኩሬ ሲያጋጥመው የሚረግጥበትን እስኪመርጥ ድረስ እጁን አየር ላይ አቆየው፣ እኔ አንዱን ቃል ይዤ ትንፋሼ ሊያልቅ ደረሰ፣ ሲሻገር ለቀቀኝ። ጎዳሬ ተሸክመው ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው አዩን፣ አናጢው ምን ነካው ተባባሉ። አባቴ ሁለቱንም መዳፎቹን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ፤ አንዷ ሴት ሸክሟ ሊወድቅባት ነበር።

ደጃፋችን ጋ ሲደርስ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። መሸት ብሏል፣ ዳሞታ ላይ ጉሙ ተመልሷል። አባቴ ዞሮ ግራ መዳፉን ወደ ታች አደረገና ጣቶቹን አወዛወዘ። ቀስ በይ ይበለኝ፣ ነይ ይበለኝ፣ አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁትምም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ወደ እሱ ሄድኩ።